ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ዲሲ፦ ስለ በረራው ርቀትና ስለ ጉዞው ሰዓት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ በሚገኘው ደለስ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፈው የበረራ መስመር በአሜሪካ ዋና ከተማ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን እጅግ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ርቀቱ ስንት እንደሆነ፣ ጉዞው በትክክል ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ሲሄዱ የሚቆመው አውሮፕላን ሲመለሱ ለምን እንደማይቆም የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተዘጋጁት ለእነርሱ ነው። የበረራ ሰዓቶችና የማረፊያ ከተሞች በየወቅቱ ስለሚለዋወጡ፣ ለምሳሌነት የተጠቀሱት ሰዓቶች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የቀረቡ መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል ያስፈልጋል።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት ስንት ነው?

ከቦሌ እስከ ደለስ ያለው አጭሩ የአየር ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ወደ 7,180 ማይል፣ አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የኖቲካል ማይል ልኬት ደግሞ ወደ 6,240 ይሆናል። በተለያዩ ቦታዎች የሚነበቡት ቁጥሮች በጥቂት ኪሎ ሜትሮች የሚለያዩት አንዱ ከከተማ መሐል እስከ ከተማ መሐል፣ ሌላው ከመንደርደሪያ እስከ መንደርደሪያ ስለሚለካ፣ እንዲሁም አንዱ ምድርን ፍጹም ክብ አድርጎ ሲያሰላ ሌላው ዋልታዎቿ ላይ በጥቂቱ ጠፍጠፍ ማለቷን ከግምት ስለሚያስገባ ነው። ልዩነቱ ለመንገደኛ የሚያመጣው ነገር የለም። ዋናው ቁም ነገር ይህ ቁጥር በክቧ ምድር ገጽ ላይ የሚለካ አጭሩ መስመር መሆኑና አውሮፕላኑ በእውነት የሚበረው መንገድ ሁልጊዜ ከዚህ የሚረዝም መሆኑ ነው።

አውሮፕላኑ በየትኞቹ አገሮች ላይ ያልፋል? ካርታ ላይ ሲታይ ለምን ወደ ሰሜን ይታጠፋል?

ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ስለሆነች ብዙ ሰው አውሮፕላኑ በመካከለኛው አፍሪካ በኩል ወደ አትላንቲክ የሚወጣ ይመስለዋል። አጭሩ መስመር ግን ከቦሌ ሲነሳ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናል፤ ሱዳንን አቋርጦ፣ የሊቢያን በረሃ አልፎ፣ በአልጄሪያ በኩል ሜዲትራኒያን ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም ስፔንንና ፖርቱጋልን ተሻግሮ አትላንቲክ ላይ ይወጣል። በውቅያኖሱ መካከል ሲደርስ 45ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አጠገብ ደርሶ እንደገና ወደ ደቡብ ያጋድላል። ይህ መንገድ የተጣመመ የሚመስለው ክቧ ምድር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ስለተሳለች ብቻ ነው፤ በሉል ላይ ሁለቱን ከተሞች በክር አገናኝቶ ክሩን ወጠር ያደረገ ሰው ክሩ ራሱ ወደ ሰሜን ሲሄድ ያያል።

ይህ የሉሉ መስመር ነው። አውሮፕላኖች ዛሬ የሚበሩበት መስመር ከዚህ በብዙ ይለያል። በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲቀሰቀስ የአገሪቱ የአየር ክልል ለመንገደኛ በረራዎች በመዘጋቱ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚያቀኑ አውሮፕላኖች ሱዳንን ወደ ጎን ትተው በምሥራቅ በኩል በቀይ ባሕር አካባቢ ዞረው ወደ ግብፅ ለማለፍ ተገድደዋል። የሊቢያም ሰማይ ቢሆን ከራሷ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ጀምሮ በርካታ አየር መንገዶች የሚሸሹት ነው። ስለዚህ ቀድሞ ወደ አውሮፓ የነበረውን የጉዞ ሰዓት የሚያስታውስ መንገደኛ አሁን ረዝሞ ቢያገኘው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጉዞው በጠቅላላው ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ያለ ማረፊያ ሲበረር ወደ 13 ሰዓት ይወስዳል፤ እንደ ነፋሱ ከዚህ በግማሽ ሰዓት ሊያጥር ወይም ሊረዝም ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲኬድ ግን መካከል ላይ ለነዳጅ የሚደረገው ማረፊያ ተጨምሮበት ከ16 እስከ 17 ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። ለምሳሌ ማረፊያው ሮም ከሆነ፣ ከቦሌ እስከ ሮም 4,480 ኪሎ ሜትር፣ ከሮም እስከ ደለስ ደግሞ 7,230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ወደ ስድስት ሰዓት ከዚያም ትንሽ በላይ፣ መሬት ላይ የሚቆየው ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ወደ አሥር ሰዓት የሚጠጋ ነው።

በዚህ ስሌት ብዙዎችን የሚያስገርመው ሮም ላይ መቆሙ መንገዱን የሚያረዝመው በ150 ኪሎ ሜትር ብቻ መሆኑ ነው። ሮም ከሞላ ጎደል መንገድ ላይ ናት። ደብሊን ላይ ሲታረፍ ጭማሪው 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የምዕራብ አፍሪካዋ ሎሜ ግን በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መንገድ ብትመስልም ርቀቱን ወደ 12,750 ኪሎ ሜትር ታደርሰዋለች፤ ይህም ከአጭሩ መስመር በ1,190 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነው። እንግዲህ ጉዞውን የሚያረዝመው በዋናነት ርቀቱ ሳይሆን ለማረፍ ዝቅ ማለቱ፣ ነዳጅ መቅዳቱ፣ ተራ ጠብቆ እንደገና መነሳቱና ከሁሉም በላይ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ነው።

ከዋሽንግተን ሲመጣ ሳይቆም የሚደርሰው አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ሲሄድ ለምን ይቆማል?

ይህ ከሁሉም ጥያቄዎች በላይ የሚደጋገመው ነው፤ መልሱም በአብዛኛው የሚገኘው በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ነው። አየር መንገዱ መንገደኛ ለመጫን ብሎ የሚቆም የሚመስላቸው አሉ። በአንዳንድ መስመሮች መንገደኛ መጫንም አለ፤ ዋናው ምክንያት ግን እርሱ አይደለም።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። ደለስ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ100 ሜትር የማይበልጥ ከፍታ ያለው ቦታ ነው። በቦሌ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው አየር በአምስተኛ እጅ ገደማ የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይጎድላሉ፤ ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚያንስ የሚሰጠው ግፊት ይቀንሳል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን የሚያነሳ በቂ ኃይል እንዲያገኝ በመሬት ላይ የበለጠ ፍጥነት መድረስ ይኖርበታል። ግፊቱ ቀንሶ የሚፈለገው ፍጥነት ከጨመረ ደግሞ መንደርደሪያው ረጅም መሆን አለበት። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ ወደ 3,800 ሜትር የሚጠጋ ቢሆንም፣ በዚህ ከፍታ ላይ ሙሉ ክብደቱን የያዘ የረጅም ርቀት አውሮፕላንን በደኅና ለማስነሳት ይህም አይበቃም። የጎማዎቹ የፍጥነት ወሰንና አንድ ሞተር ቢቋረጥ አውሮፕላኑ በዙሪያው ካሉት ተራሮች በላይ መውጣት መቻሉም አብረው ይሰላሉ።

የሚቀረው መፍትሔ ክብደት መቀነስ ነው። እንዲህ ባለ ረጅም በረራ ላይ አውሮፕላኑ ሲነሳ ከሚይዘው ክብደት ሲሶ ያህሉ ነዳጅ ነው። መንገደኛውንና ጓዙን ቀንሶ በግማሽ ባዶ አውሮፕላን መብረር ለማንም አያዋጣም፤ ቡናውና ሌላው የጭነት ዕቃም የበረራው ገቢ አካል ነው። ስለዚህ ለአውሮፓ የሚበቃ ነዳጅ ብቻ ይዞ መነሳትና ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ በሚገኝ አውሮፕላን ማረፊያ ሙሉ ነዳጅ ቀድቶ መቀጠል የተሻለው አማራጭ ሆኖ ተገኝቷል። ሮምና ደብሊን በተለያዩ ዓመታት ለዚህ ያገለገሉት ሁለቱም በባሕር ጠለል አጠገብ ያሉ በመሆናቸው ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ረጅም በረራዎች በብዛት በምሽት መነሳታቸውም በከፊል ይረዳል፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ በጥቂቱም ቢሆን ስለሚወፍር አውሮፕላኑ የሚሸከመው ክብደት ይጨምራል።

በመመለሻው ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ደለስ ላይ አየሩ ወፍራም ስለሆነ አውሮፕላኑ ነዳጁንም መንገደኛውንም ሞልቶ ይነሳል፤ አትላንቲክ ላይ ከኋላ የሚገፋ ነፋስ ይቀበለዋል፤ ቦሌ ሲደርስ ደግሞ ነዳጁን አቃጥሎ ስለቀለለ ከፍታው ለማረፍ አያስቸግረውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 777-200 ኤልአርን በ2010፣ ቦይንግ 787 ድሪምላይነርን በ2012፣ ኤርባስ ኤ350-900ን በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከአፍሪካ ቀድሞ ወደ አገልግሎት ሲያስገባ፣ ይህን ያህል ርቀት ሳይቆሙ መብረር የሚችሉ አውሮፕላኖችን መያዙ ነበር። አውሮፕላኖቹ ርቀቱን ይችሉታል፤ ያልቻሉት ከቦሌ በሙሉ ክብደታቸው መነሳትን ነው።

ነፋሱ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? ምድር ስለምትዞር አይደለም እንዴ?

የምድር መዞር በቀጥታ የሚያመጣው ለውጥ የለም፤ አየሩም አውሮፕላኑም ከምድር ጋር አብረው ስለሚዞሩ አውሮፕላን አየር ላይ ቆሞ ከተማዋ ከበታቹ እስክትመጣ ሊጠብቅ አይችልም። ለውጡን የሚያመጣው በመካከለኛው ኬክሮስ ላይ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ጄት ስትሪም የተባለው ኃይለኛ ነፋስ ነው። ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን በክረምት፣ ማለትም በአሜሪካና በአውሮፓ ክረምት፣ ከዚህ እጅግ ይጠነክራል።

የነፋሱን ክብደት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ዘመናዊ አውሮፕላን በአየር ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው። በመንገዱ ሁሉ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከኋላ ቢገፋው 11,560 ኪሎ ሜትሩን በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይጨርሳል፤ ያው ነፋስ ከፊት ቢመጣበት አሥራ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። በእውነቱ ነፋሱ በሰሃራ ላይና በአትላንቲክ ላይ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ልዩነቱ ይህን ያህል ላይሰፋ ይችላል። ነፋሱን ለመጠቀምም ሆነ ለመሸሽ በሰሜን አትላንቲክ ላይ የሚበሩት መስመሮች በየዕለቱ እንደ ነፋሱ ሁኔታ እንደገና ይሠመራሉ፤ ይህን የሚያደርጉት በካናዳ ጋንደርና በአውሮፓ በኩል በስኮትላንድ ፕሬስትዊክ ያሉት የአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያ ማዕከላት ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የሄደ መንገደኛና ነገ የሚሄድ መንገደኛ በአንድ መስመር ላይ ላይበሩ ይችላሉ።

ቲኬቴ ላይ ያለውን መነሻና መድረሻ ሳቀናንስ አሥር ሰዓት ብቻ ይመጣልኛል፤ ስመለስ ደግሞ ሃያ ሰዓት ይሆናል። የትኛው ነው ትክክል?

ሁለቱም የጉዞ ሰዓት አይደሉም። ቲኬት ላይ መነሻው በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻውም በመድረሻው ከተማ ሰዓት ስለሚጻፍ፣ ሁለቱን በቀጥታ ማቀናነስ ስሕተት ነው። አስቀድሞ ሁለቱንም ወደ አንድ ከተማ ሰዓት መመለስ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትቀይርም። ዋሽንግተን ግን ከማርች ወር ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር ወር የመጀመሪያ እሑድ፣ ወሮቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሆነው፣ ሰዓቷን በአንድ ወደፊት ታደርጋለች። በዚህ ጊዜ ልዩነቱ ሰባት ሰዓት፣ በቀረው የዓመቱ ክፍል ስምንት ሰዓት ነው፤ ሁልጊዜም የምትቀድመው አዲስ አበባ ናት።

በበጋቸው ከቦሌ በ22:30 የሚነሳ አውሮፕላን በዋሽንግተን በማግሥቱ 08:30 ቢያርፍ፣ በሰዓት ላይ የሚታየው ልዩነት አሥር ሰዓት ነው። ነገር ግን በቦሌ 22:30 ሲል በዋሽንግተን ገና 15:30 ስለሆነ ጉዞው በእርግጥ የወሰደው 17 ሰዓት ነው። በተቃራኒው ከደለስ በ11:00 የሚነሳ አውሮፕላን አዲስ አበባ በማግሥቱ በ07:00 ቢደርስ፣ በወረቀት ላይ ሃያ ሰዓት ይመስላል፤ ዋሽንግተን 11:00 ሲሆን አዲስ አበባ 18:00 በመሆኑ ግን የበረራው ሰዓት 13 ነው። ያው በረራ በክረምታቸው በዚያው በ11:00 ቢነሳ አዲስ አበባ የሚገባው በ08:00 ይሆናል፤ በረራው ስለረዘመ አይደለም፣ የሰዓቱ ልዩነት ስምንት ስለሆነ ነው።

ቲኬቱ በኢትዮጵያ ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ?

ሁልጊዜ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲኬትም ቢሆን እንዲሁ። ቲኬቱ ላይ 22:30 ካለ ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ነው፤ 07:00 ካለ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ከዓለም አቀፉ ሰዓት ስድስት በመቀነስ የእኛን ሰዓት ማግኘት ይቻላል፤ ውጤቱ ከአሥራ ሁለት ከበለጠ እንደገና አሥራ ሁለት ይቀነሳል፤ ሰዓቱ ከስድስት ካነሰ ደግሞ ከመቀነስ ይልቅ ስድስት ይጨመራል። 10:00 የሚለውን ከቀኑ አሥር ሰዓት ብሎ ያነበበ ሰው በረራው ከሄደ ስድስት ሰዓት በኋላ ይደርሳል።

ከሰዓቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያሳስተው ግን ቀኑ ነው። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት፣ በእኛ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ በአገራችን ልማድ ግን ሌሊቱ እስኪነጋ ድረስ የምንቆጥረው ካለፈው ቀን ጋር ነው። ቲኬቱ ላይ ማክሰኞ 00:45 ከተባለ ሰኞ ማታ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከአርባ አምስት ማለት ነው፤ መንገደኛው ቦሌ መገኘት ያለበት ሰኞ ምሽት ነው። ማክሰኞን ቀኑን ሙሉ ሲሰናበት ውሎ ማታ ሻንጣውን ይዞ የመጣ ሰው በረራው የሄደው በዋዜማው ሌሊት ነው። የወሩ ቀንም እንዲሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚጻፍ፣ ለምሳሌ ጃንዋሪ 7 የሚለው የገና ዕለት እንጂ ሌላ ቀን እንዳልሆነ አስቀድሞ በሁለቱም የቀን መቁጠሪያዎች ማመሳከር ይገባል።

መካከል ላይ ሲቆም ከአውሮፕላኑ እንወርዳለን?

ማረፊያው ለነዳጅና ለበረራ ሠራተኞች ለውጥ ብቻ ከሆነ መንገደኞች በአብዛኛው ወንበራቸው ላይ ሆነው ይጠብቃሉ፤ ሻንጣም አይወርድም። ነዳጅ በሚቀዳበት ጊዜ የወንበር ቀበቶ እንዲፈታና መተላለፊያው ነጻ እንዲሆን ሊጠየቅ ይችላል።

በሌላ አየር መንገድ፣ በትራንዚት ብሄድ ምን ያህል ይረዝማል?

በርቀት ደረጃ ሲታይ ፍራንክፈርትና ኢስታንቡል ብዙም አያርቁም። በፍራንክፈርት በኩል ጠቅላላው ርቀት ወደ 11,900 ኪሎ ሜትር፣ በኢስታንቡል በኩል ወደ 12,110 ኪሎ ሜትር ነው። ዱባይ ግን መንገደኛውን መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወደ ምሥራቅ፣ 2,520 ኪሎ ሜትር ወስዳ ከዚያ 11,350 ኪሎ ሜትር ስለምታስበርረው ድምሩ ወደ 13,870 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከአጭሩ መስመር በ2,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበልጣል። ዋጋው ቀንሶ ሲገኝ ይህን መንገድ የሚመርጡ አሉ፤ መብታቸው ነው፤ ሆኖም ከዱባይ እስከ ዋሽንግተን ያለው በረራ ለብቻው ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ካለው አጭሩ መስመር ጋር እኩል ለመሆን ጥቂት ብቻ የሚቀረው መሆኑን አውቀው ቢሄዱ ይመረጣል።

የትራንዚት ጉዞን ሰዓት የሚወስነው ርቀቱ ሳይሆን ጥበቃው ነው። ሁለት ሰዓት የሚጠበቅበት ጉዞ በ19 ወይም በ20 ሰዓት ሊያልቅ ይችላል፤ አሥር ሰዓት የሚጠበቅበት ግን ከአንድ ሙሉ ቀን ያልፋል። ጥበቃው ከአንድ ሰዓት ተኩል ያነሰ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው በረራ ትንሽ ሲዘገይ ሁለተኛው ያመልጣል። ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር ወይም ከመቀሌ ተነስቶ ቦሌ ላይ ለሚቀይርም ይኸው ነው፤ የአገር ውስጥ በረራው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ቢሆንም በጉምም ሆነ በዝናብ ሊዘገይ ስለሚችል፣ በተለይ በክረምት ወራት፣ ቀደም ያለውን በረራ መያዝ ይሻላል።

ወላጆቼን ብቻቸውን ላመጣ ነው፤ የትኛው መንገድ ይሻላል?

እንግሊዝኛ ለማይናገሩና በዕድሜ ለገፉ ወላጆች አውሮፕላን የማይቀየርበት ጉዞ ከማናቸውም የዋጋ ቅናሽ ይበልጣል። መካከል ላይ ለነዳጅ የሚቆመው በረራ ለአንድ ሰዓት ከወንበር ሳይነሱ የሚያልፉት ነው፤ ትራንዚት ግን በማያውቁት ኤርፖርት በር መፈለግ፣ በባቡር ወይም በረጅም ኮሪደር መሄድ፣ እንደገና መፈተሽ ማለት ነው። የተሽከርካሪ ወንበር አገልግሎት ካስፈለገ ቲኬቱ ሲቆረጥ፣ ቢዘገይ እንኳ ከበረራው ሁለት ቀን በፊት መጠየቅ አለበት። እግር እንዳያብጥና ደም እንዳይረጋ በየሁለት ሰዓቱ ተነስቶ መራመድ፣ ውኃ መጠጣትና መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በእጅ ሻንጣ መያዝ ይመከራል፤ የመድኃኒቱ ሰዓት በየትኛው ከተማ ሰዓት እንደሚቆጠር ግን አስቀድሞ ሐኪምን መጠየቅ ተገቢ ነው።

አንዳንዶች ከፍታው ወላጆቻቸውን እንዳይጎዳ ይሰጋሉ። በድሪምላይነርና በኤ350 ውስጥ የሚጠበቀው የአየር ግፊት በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር የሚመጣጠን ነው። አዲስ አበባ ያለችው ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኑ፣ ዕድሜያቸውን እዚያው ያሳለፉ እናት በሰማይ ላይ የሚተነፍሱት አየር ከቤታቸው አየር የወፈረ ነው። ደረቅነቱ ግን እውነት ነው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው በማንኛውም ሁኔታ ሐኪሙን አማክሮ መጓዝ አለበት።

አርፍዶ የተነሳው አውሮፕላን እንዴት በሰዓቱ ይደርሳል?

ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከበሩ ከሚለቅበት ጊዜ ጀምሮ በመድረሻው በር ላይ እስኪቆም ድረስ ነው። በዚህ ውስጥ መሬት ላይ የሚሽከረከርበት ጊዜና ለመዘግየት የተተወ ትርፍ ደቂቃ ይገኝበታል። ነፋሱ ሲመች ይህ ትርፍ ስለሚተርፍ ግማሽ ሰዓት የዘገየ በረራ በሰዓቱ፣ ያልዘገየው ደግሞ ቀድሞ ሊያርፍ ይችላል።

ወደፊት ከአዲስ አበባም ያለ ማረፊያ መሄድ ይቻል ይሆን?

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ቢሾፍቱ አጠገብ ለሚሠራው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የከፍታ ጉዳይ ነው። የቢሾፍቱ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ይህም ከረዘመ መንደርደሪያ ጋር ሲደመር አውሮፕላን የሚነሳበትን ክብደት በሚታይ መጠን ከፍ ያደርገዋል። ይህ ብቻውን ግን መልስ አይሆንም። ወደ ምዕራብ ሲኬድ የሚመጣው የፊት ነፋስ ያው ነው፤ የሱዳንና የሊቢያ ሰማይ እስካልተከፈተ ድረስም መንገዱ እንደረዘመ ይቆያል። ሞተሮች እየተሻሻሉ፣ በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኢትዮጵያ አየር መንገድ እንደደረሰው ኤ350-1000 ያሉ አውሮፕላኖችም እየበዙ ሲሄዱ ነገሩ ሊቀርብ ይችላል፤ ሙሉ መንገደኛና ሙሉ ጭነት ይዞ መሄድ ግን ከቦሌ ከባድ ሆኖ ይቀጥላል።

እንግዳ ለመቀበል ወደ ደለስ የምሄደው መቼ ነው?

በመጀመሪያ እንግዳው የሚያርፈው ደለስ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል፤ ዋሽንግተን አካባቢ ሬገንና ባልቲሞር የተባሉ ሌሎች ሁለት ኤርፖርቶች ስላሉ በአሜሪካ ውስጥ በረራ የቀየረ መንገደኛ ከሦስቱ በአንዱ ሊወርድ ይችላል። ደለስ ከዋሽንግተን መሐል በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ በሥራ ቀን ጠዋት በትራፊክ ምክንያት መንገዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ፓስፖርት ቁጥጥርና ሻንጣ መጠበቅ ስላለ፣ በተለይ የአሜሪካ ፓስፖርት የሌለውና ለመጀመሪያ ጊዜ በስደት ቪዛ የሚገባ መንገደኛ እስኪወጣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። በረራው በአውሮፓ ላይ ካረፈ በኋላ እንደገና የተነሳበትን ሰዓት በስልክ መከታተያ አይቶ፣ በዚያ ላይ አሥር ሰዓት ያህል ጨምሮ መውጣት በቲኬቱ ሰዓት ብቻ ከመመራት ይበልጥ ያስተማምናል።